ሴት የሥራ መሪዎችና ሁለተኛው ዲግሪ፦ የትምህርት ጥያቄ ወይስ የሥራ አደረጃጀት ጥያቄ?

የሴቶች የእኩልነት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ፈጥኖ የሚሰጥ አንድ መልስ አለ፤ «ይማሩ» የሚል። መልሱ ትክክለኛ ነው፤ የተሟላ ግን አይደለም። ፊደል ያልቆጠረችው እንድትቆጥር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ዲፕሎማ እንድታገኝ፣ ዲፕሎማ ያላት ዲግሪ እንድትይዝ፣ ዲግሪ ያላት ደግሞ በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ እንድትጨምር ትመከራለች። የምትወጣው መሰላል በረዘመ ቁጥር የምትጠየቀው የምስክር ወረቀትም አብሮ ይበዛል። መሰላሉ የቆመበት ወለል የተስተካከለ ነው ወይስ ያጋደለ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ይህንኑ ወለል ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን፣ በተለይም በፋብሪካ መኪና ላይ ቆመው የሚውሉ ሠራተኞችና በየሰፈራቸው ማኅበር ተሰባስበው ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ፀጥታ የሚመክሩ ነዋሪዎች፣ «የሥራ አስኪያጆች ዲግሪ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ከሁሉ አስቀድመን ልንመልሰው ይገባናል።

የፈትል ሠራተኛዋ ደመወዝ ለምን ዝቅ አለ ተብሎ ሲጠየቅ «ትምህርት የላትም» ይባላል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ተሻለ የሥራ መደብ ለምን አልተዛወረችም ሲባል «ሙያ የላትም» የሚል መልስ ይሰጣል። ትምህርት የማጣትና ሴት የመሆን ጉዳይ በአንድ ሰው ላይ ተደባልቀው ስለሚገኙ የትኛው ሰበብ የትኛው ምክንያት እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ያስቸግራል። ነገር ግን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ በአንድ መምህር ተምረው፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ ተቀብለው ከወጡ በኋላ በመካከላቸው የዕድገትና የደመወዝ ልዩነት ከተፈጠረ «አልተማረችም» የሚለው ሰበብ ይወድቃል። ስለዚህ የሴት የሥራ መሪዎች ጉዳይ ገለባውን ከፍሬው የሚለይ ወንፊት ነው። በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ምክንያት በፈትል ክፍልም፣ በጽዳት ክፍልም፣ በየመኖሪያ ቤቱም የሚሠራው ያው ምክንያት ሆኖ እናገኘዋለን።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ይህ የትምህርት ዓይነት በተወለደበትና በተስፋፋበት አገር፣ በአሜሪካ ነው። የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ይሁንና ሴቶች በሁለት ዓመቱ የማስትሬት ፕሮግራም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገብተው እንዲማሩ የተፈቀደው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። በዚያ ዓመት የገቡትም ስምንት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ ከ1937 ጀምሮ፣ የሴቶች ኮሌጅ በነበረው በራድክሊፍ ለብቻቸው የተዘጋጀ ሥልጠና ይሰጣቸው ነበር። ሥልጠናው የተጀመረው በሠራተኛ አስተዳደር መስክ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነጥብ ሊጤን ይገባዋል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የነበረው አድልዎ በሩ በከፊል ሲከፈት መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሴቷ ወደ ድርጅቱ እንድትገባ ተፈቀደላት፤ ነገር ግን ካፒታሉ ከሚታዘዝበት ክፍል ይልቅ የሠራተኛው ማኅደር ከሚቀመጥበት ክፍል እንድትገኝ አስቀድሞ ተወሰነላት።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የታየውን ለውጥ መካድ ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሜሪ ባራ በአሥራ ስምንት ዓመቷ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የመኪና አካላትን በመፈተሽ ለኮሌጅ ትምህርቷ የሚከፈለውን ገንዘብ ታገኝ ነበር። በኩባንያው ድጋፍ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1990 በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪዋን ተቀበለች፤ በጥር 2014 ደግሞ የዚያው ኩባንያ የበላይ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። በሕንድ አገር ተወልዳ በካልካታ የአመራር ተቋም፣ ቀጥሎም በአሜሪካ በዬል የተማረችው ኢንድራ ኑዪ ፔፕሲኮን ከ2006 እስከ 2018 መርታለች። ዲግሪው ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሴቶች በዚያ ወንበር ላይ የመቀመጥ ዕድላቸው እጅግ የጠበበ ይሆን ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም። ትምህርቱ ዕውቀት ይሰጣል፤ ዕውቅና ይሰጣል፤ የሥራ ባልደረቦችን ያስተዋውቃል። በተለይ ሴቷ ችሎታዋን ደጋግማ እንድታስመሰክር በምትጠየቅበት ቦታ ዲግሪው እንደ ምስክር ሆኖ ይቆምላታል።

ነገር ግን አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም። የጥቂቶችን ስም በመዘርዘር የብዙኃኑን ዕጣ ማወቅ አይቻልም። የብዙኃኑን ዕጣ የሚያሳየን ማሪያን በርትራንድ፣ ክላውዲያ ጎልዲንና ላውረንስ ካትዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሊቃውንቱ ከ1990 እስከ 2006 ድረስ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ዲግሪ የተመረቁ ወንዶችንና ሴቶችን የሥራ ሕይወት ተከታተሉ። በሥራ መጀመሪያ ላይ የወንዶቹ አማካይ ዓመታዊ ገቢ 130,000 ዶላር ያህል፣ የሴቶቹ 115,000 ዶላር ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ወንዶቹ ወደ 400,000 ዶላር ሲደርሱ ሴቶቹ 250,000 ዶላር ገደማ ላይ ቀሩ። በሌላ አነጋገር መጀመሪያ ላይ ወንዱ 100 ሲያገኝ ሴቷ 88 ያህል ታገኝ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ወንዱ 100 ሲያገኝ የሴቷ ድርሻ ወደ 62 ተኩል ወረደ።

ሠራተኛው አንባቢ የገንዘቡ መጠን ከራሱ ኑሮ ጋር የማይነጻጸር መሆኑን አይቶ እንዳያልፈው እናሳስባለን። ቁም ነገሩ ያለው በመጠኑ ሳይሆን በአቅጣጫው ነው። ዲግሪው በደጃፉ ላይ ሁለቱን ወገኖች አቀራርቧቸው ነበር፤ ያራራቃቸው ከደጃፉ ወዲያ ያለው የሥራ ሕይወት ነው። ትምህርት ቤቱ ያቀራረበውን የሥራ ቦታው በታተነው።

ለምን? ጥናቱ ሦስት ምክንያቶችን ለይቶ ያወጣል። አንደኛው ከመመረቅ በፊት በተወሰዱ የትምህርት ዓይነቶች፣ በተለይም በፋይናንስ ኮርሶች፣ እንዲሁም በውጤት የታየው ልዩነት ነው። ሁለተኛው ሥራን ለጊዜው ማቋረጥ ነው። ሦስተኛው በሳምንት የሚሠራው ሰዓት መለያየት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ ከጠቅላላው የገቢ ልዩነት ውስጥ ከመቶ 84 እጅ የሚሆነውን ያብራራሉ። ከዚያም ሥራ የሚያቋርጡትና ሰዓታቸውን የሚቀንሱት ሴቶች በአብዛኛው እነማን እንደሆኑ ሲመረመር እናቶች ሆነው ተገኙ። ልጅ ያልወለዱት ሴቶች የሥራ ጉዞ ከወንዶቹ ጉዞ ብዙ የራቀ አልነበረም። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ የለም። ሴትነት በራሱ ችሎታን አልቀነሰም፤ ዲግሪውም ዋጋውን አላጣም። ዋጋ የተከፈለው ልጅ በተወለደ ጊዜ ነው። ከፋይዋም እናቲቱ ብቻ ሆነች፤ ልጁ የሁለት ወላጆች ሆኖ ሳለ!

ከሦስቱ ሊቃውንት አንዷ የሆነችው ክላውዲያ ጎልዲን በሴቶች የሥራ ገበያ ታሪክ ላይ ባደረገችው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት ተሸልማለች። የምርምሯ አንዱ ዋና ነጥብ ሊብራራ ይገባዋል። በአንዳንድ የሥራ መስኮች ክፍያው ከሰዓቱ ጋር በእኩል አይሄድም። በሳምንት 60 ሰዓት የሚሠራው ሰው 30 ሰዓት ከሚሠራው እጥፍ ብቻ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ ያገኛል፤ ሌሊት ሲጠራ የሚነሣው፣ እሑድ ሲፈለግ የሚገኘው፣ ዛሬ ተነግሮት ነገ ለጉዞ የሚነሣው የበለጠ ይሾማል። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲህ ዓይነት ሥራ ቢይዙ ልጁ ሲታመም ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ሰው አይኖርም። ስለዚህ አንዱ በቢሮ ጥሪ፣ ሌላው በቤት ጥሪ ይያዛሉ። በልማድ የቤት ጥሪው ለሴቷ ይተዋል። እንግዲህ ትልቁ የሥራ አመራር ወንበር የተሠራው ቤት ውስጥ ሚስት ላለው ሰው ልክ ነው ማለት ነው። በዚያ ወንበር ላይ ራሷ ሚስት የሆነች ሰው ስትቀመጥ ወንበሩ ቢሰፋባት የሚያስገርም አይደለም።

የልጅ ማሳደግ ጉዳይ ሁሉንም ያብራራል ብለን ግን አንቆምም። ካታሊስት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በ26 ታዋቂ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ምሩቃን ላይ ያወጣው ጥናት ሴቶቹ ከዲግሪ በኋላ በመጀመሪያው ሥራቸው ከወንዶቹ በ4,600 ዶላር ያነሰ ደመወዝ እንደተቀበሉና ከፍ ባለ የኃላፊነት ደረጃ የመጀመር ዕድላቸውም ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። የቀድሞ የሥራ ልምድና የሥራው መስክ ተመዛዝነው ከታዩ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፤ ልጅ የሌላቸው ብቻቸውን ሲነጻጸሩም ያው ሆነ። ሮዛቤት ሞስ ካንተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው ደግሞ በብዙ ወንዶች መካከል ያለች አንዲት ሴት እንደ ናሙና ትታያለች። ወንዱ ሲሳሳት እገሌ ተሳሳተ ይባላል፤ እርሷ ስትሳሳት ሴቶች አይችሉም ይባላል።

በዚህ ላይ ጥፋቱን መልሶ በሴቷ ላይ የሚጥል አስተሳሰብ አለ። «ሴቶች ደመወዝ አይከራከሩም፤ ዐይን አፋር ናቸው» የሚለው ነው። በአንድ ወቅት ለዚህ አባባል መነሻ የሚሆን ማስረጃ ነበር። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ምሩቃን መካከል በመነሻ ደመወዛቸው ላይ የተደራደሩት ከወንዶቹ ከመቶ 57፣ ከሴቶቹ ከመቶ 7 ብቻ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ መጽሐፍ ተገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት በአንድ ታዋቂ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ምሩቃን ዘንድ ሁኔታው መገልበጡን፣ ከሴቶቹ ከመቶ 54፣ ከወንዶቹ ከመቶ 44 የሚሆኑት መደራደራቸውን አመለከተ። የደመወዝ ልዩነቱ ግን አልተዘጋም። ሴቶቹ «ጠይቁ» የተባሉትን ጠየቁ፤ መልሱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዐይን አፋርነት እውነተኛው ምክንያት ነው የሚለው ክርክር መሠረት የለውም።

ዐይን አፋርነት በሚታይበት ቦታም ቢሆን ምንጩን መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ወደ ንግድ ሥራ ማስትሬት የገቡ አዲስ ተማሪዎችን ስለ ወደፊት ሥራቸው ጠየቀ። ለከፊሎቹ መልሳቸው በምሥጢር እንደሚያዝ፣ ለከፊሎቹ ደግሞ የክፍል ጓደኞቻቸው እንደሚያዩት ተነገራቸው። ያላገቡት ሴቶች መልሳቸው በጓደኞቻቸው እንደሚታይ ሲያውቁ የሚፈልጉትን ዓመታዊ ክፍያ በ18,000 ዶላር፣ በወር ሊጓዙ የሚፈቅዱትን ጊዜ በ7 ቀን፣ በሳምንት ሊሠሩ የሚፈልጉትን በ4 ሰዓት ቀንሰው ጻፉ። ፍላጎታቸው በምሥጢር አንድ፣ በአደባባይ ሌላ ሆነ። ትልቅ ዓላማ ያላት ሴት ለትዳር አትመችም የሚል ዳኛ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ዳኛ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ያገራችን ተረት ከዚያው ችሎት የወጣ ፍርድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን ነጥሎ ማውጣት ያሻል። የመጀመሪያው ዲግሪ ሁሉን ይፈታል የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ጥያቄውን በሙሉ በግለሰቧ ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ሳይሳካላት ሲቀርም «ገና አልተማረችም» ብሎ ሌላ ምስክር ወረቀት ይጠይቃታል። ሁለተኛው የሴት ሥራ አስኪያጆች ጉዳይ የጥቂት ቅምጥሎች ጉዳይ ነው የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ከስሕተት አያመልጥም፤ ምክንያቱም እናቲቱን ከወንበሯ የሚያወርደውና የፈትል ሠራተኛዋን ከፈረቃዋ የሚያስቀረው አንድ ዓይነት ጫና መሆኑን አያይም።

በሌላ በኩል ሴት በወንበሩ ላይ መቀመጧ ብቻውን ለሌሎች ሴቶች ይተርፋል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የትላልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች የዲሬክተሮች ቦርድ ቢያንስ ከመቶ 40 ሴቶች እንዲኖሩበት አስገደደች፤ ኮታውም ተሟላ። በኋላ የተደረገ ጥናት ግን በእነዚያ ኩባንያዎች ውስጥ ዝቅ ባለ ደረጃ የሚሠሩት ሴቶች ሁኔታ በዚህ ምክንያት በግልጽ ስለመሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም። ወንበሩ አስፈላጊ ነው፤ ከወንበሩ በታች ያለው ወለል ካልተስተካከለ ግን የተቀመጠባትን ብቻ ይጠቅማል።

ከዚህ አኳያ የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። ሕጎቻችን የተጓዙት መንገድ ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን ይደነግግ ነበር፤ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለም የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ይናገር ነበር። ሕጉ የቤት ሥራን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ብቻ እንደነበር ልብ ይሏል፦ ወይ አገልጋይቱ ትሠራዋለች፤ ወይ ሚስቲቱ ትሠራዋለች። ባል በሐሳቡም አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በእኩል ክፍያ ያላቸውን መብት አረጋገጠ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሽሮ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል እንዲሆኑ ደነገገ። በ2005 ዓ.ም. አሥራ አንድ ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ ሥራ ጀመረ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ በሴቶች ተያዘ። እነዚህ ሁሉ የሚናቁ እርምጃዎች አይደሉም።

ይሁንና በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ገልጠን ብናነብ አንድ ቅራኔ ይታየናል። አዋጁ ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሰጠ። ቀደም ሲል ከወሊድ በኋላ ይሰጥ የነበረው 60 ቀን ስለነበረ ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። ለአባት የተሰጠው ግን 3 ቀን ነው። ለወሊድ የሚያስፈልገው የእናት ዕረፍት ከአባት መብለጡ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን 120 እና 3 ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሠሪው የሚያነበው መልእክት ምንድን ነው? ልጅ የሴት ጉዳይ ነው፤ ሴት መቅጠርና መሾም ያስከፍላል፤ ወንድ ግን ቢወልድም ባይወልድም ለሥራው ያው ነው የሚል ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1993 አባት ካልወሰደው የሚቀር የአራት ሳምንት ፈቃድ የደነገገችው ይህንን መልእክት ለመቀየር ነበር።

ለአብነት ያህል አንዲት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ እናስብ። ቀን በመሥሪያ ቤቷ ውላ በ11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ በ12 ሰዓት የማታው የማስትሬት ትምህርት ይጀመራል። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያልቅ ለታክሲ ትሰለፋለች፤ ቤቷ ስትደርስ ልጆቿ ተኝተዋል። ከአጠገቧ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዋም ያንኑ ትምህርት ይማራል፤ እርሱ ግን ቤቱ ሲደርስ ራት ቀርቦ ይጠብቀዋል። ቅዳሜ የቡድን ሥራ ሲኖር እርሱ «ትምህርት አለብኝ» ብሎ ይወጣል፤ እርሷ ለቅዳሜው ትምህርት የዓርብ ሌሊቱን እንቅልፍ ትከፍላለች። የመመረቂያ ጽሑፉ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ነው። ሁለቱም አንድ ቀን ጋዋን ለብሰው ይመረቃሉ፤ ዲግሪው ግን የተገዛው በተለያየ ዋጋ ነው።

ከተመረቁ በኋላ የመምሪያ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ይሆናል እንበል። ሥራው የመስክ ጉዞ ይበዛበታል። የዕድገት ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲወያይ አንዱ አባል በቅንነት «እርሷ ልጆች አሏት፤ እንዳናስቸግራት» ይላል። ሌሎቹም በርኅራኄ ይስማማሉ። ባልደረባዋም ሦስት ልጆች አሉት፤ ስለ እርሱ ግን እንዲህ የሚል የለም። እርሷም አልተጠየቀችም። በዚህ ስብሰባ ላይ ክፉ ሰው አልነበረም። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ስድብ ቢሆን ኖሮ አቤት ትልበት ነበር፤ ርኅራኄን ግን በየትኛው ችሎት ትከሳለች?

የምርመራችን ጥልቅ ነጥብ ገና አልተነካም። ይህች ኃላፊ በማታ ስትማር ልጆቿን ያበላው፣ ያጠበውና ያስተኛው ማነው? በብዙ ቤት አባት አይደለም። ከገጠር የመጣች፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ወጣት የቤት ሠራተኛ ናት። የአንዷ ሁለተኛ ዲግሪ በሌላዋ በተቋረጠ ትምህርት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ስለዚህ የሥራ መሪዋ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ወሊድ ፈቃድ ያገኘችውን ዋስትና በቤቷ ያለችው ሠራተኛ በዚያው አዋጅ አላገኘችም። ይህንን የምንለው የምትማረውን ሴት ለመውቀስ አይደለም። ሸክሙ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም ለማለት ነው። ባልና ድርጅት፣ ሰፈርና መንግሥት ድርሻቸውን ባልወሰዱበት ሁኔታ ሁለት ሴቶች በአንድ ሸክም ሥር እየተፈራረቁ ይቆማሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ደረጃ ሴቶች ይማሩ። ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ማንም ሴት ከሁለተኛ ዲግሪ እንድትቆጠብ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይልቁንም ስትማር በሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ሳትወሰን የፋይናንሱንና የምርቱን ትምህርት እንድትደፍር እንመክራለን፤ የቺካጎው ጥናት የኮርስ ምርጫ ዋጋ እንዳለው አሳይቷልና።

ሁለተኛ፣ የሥራው አደረጃጀት ይለወጥ። ይህ አይቻልም የሚሉ ሥራ አስኪያጆች ወደ ፋብሪካቸው ወለል ወርደው ፈረቃን ይመልከቱ። መኪናው ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው በመዝገብ ይተላለፋል፤ ቀኑን የሠራው ሄዶ ሌሊቱን የሚሠራው ሲተካ ምርቱ አይቆምም። ሠራተኛው ሊተካካ ከቻለ ኃላፊው የማይተካበት ምክንያት ምንድን ነው? ጎልዲንና ካትዝ በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሙያዎችን ሥራ መርምረው እንዳሳዩት አንዱ ባለሙያ የሌላውን ደንበኛ መዝገብ አይቶ ማስተናገድ በቻለ ጊዜ በዚያ ሙያ የወንድና የሴት የክፍያ ልዩነት ከሌሎች ከፍተኛ ሙያዎች እጅግ ያነሰ ሆኗል። ሥራን በመዝገብና በምክትል ማደራጀት ለሴቷ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ኃላፊው ሲታመም ሥራ እንዳይቆም የሚያደርግ ጤናማ አሠራር ነው።

ሦስተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳዩን በኅብረት ስምምነታቸው ያስገቡት። ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ በግልጽ ይለጠፍ፤ የውድድሩ መመዘኛና ነጥብ ይታወቅ፤ ስለ ጉዞና ስለ ሰዓት ተወዳዳሪዋ ራሷ ትጠየቅ እንጂ ኮሚቴው አይገምትላት። የአባት ፈቃድ በአዋጁ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በላይ እንዲሆን በስምምነት ከመደራደር የሚከለክል ነገር የለም። በመሥሪያ ቤትም የሕፃናት መዋያ ይጠየቅ። መዋያው ለኃላፊዋም፣ ለጸሐፊዋም፣ ለፈትል ሠራተኛዋም ልጅ አንድ ይሁን። የሥራ መሪዋ ጥቅምና የሠራተኛዋ ጥቅም በተግባር የሚገናኙት በዚህ በር ላይ ነው።

አራተኛ፣ የሰፈር ማኅበራት ድርሻ አላቸው። በአንድ ሰፈር ሃያ ቤት ሃያ ሞግዚት ሲፈልግ ሃያ ወጣቶች ከትምህርት ይቀራሉ። አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ሁለት የሠለጠኑና በቂ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሞግዚቶች፣ በየተራ የሚቆጣጠሩ ወላጆች ቢኖሩ ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ማታ ትምህርት ሊመለሱ ይችላሉ። በየቤቱ ያለችው ሠራተኛም የሥራ ሰዓቷ ተለይቶ፣ የዕረፍት ቀኗ ተከብሮ፣ የመማር መብቷ ታውቆ እንድትኖር ማኅበሩ በአባላቱ መካከል ሊስማማ ይችላል። ይህንን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጨረሻም ወንዱን ሠራተኛ በቀጥታ እናነጋግረው። ሚስትህ ለዲግሪዋ ስትማር «ፈቅጄላታለሁ» ማለት ድጋፍ አይደለም። ልጁን አጥቦ ማስተኛት፣ ሲታመም ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ ቅዳሜ ወጥ ቤት መግባት ድጋፍ ነው። በማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት እጁን አውጥቶ ቤቱ ሲገባ እጁን የሚያጣጥፍ ሰው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሰጠው።

ሁለተኛው ዲግሪ ለሴት የሥራ መሪ ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ግን በር ይከፍታል እንጂ ሸክም አያወርድም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ልጅ የማሳደግና ቤት የማቆም ሎሚ ሁሉ በአንዲት እናት፣ እርሷ ስታጣ ደግሞ በአንዲት የቤት ሠራተኛ ላይ ተጭኖ ኖሯል። ሎሚውን እንከፋፈል። ያን ጊዜ «ትማር» የሚለው ምክር ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል፤ የተማረችውም ሴት በዕውቀቷ ልክ ትሠራለች፤ በሠራችው ልክም ታድጋለች።